ዳቦው ለማን ነው? አጭር ግጥም ለምታነቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እዚሁ ጎንደር አማርኛ ሳስተምር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጥያቄያችሁ አልተወኝም። ፒያሳ ስወጣ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የቀድሞ ተማሪዬ ወይም የቀድሞ ተማሪዬ ልጅ ያገኘኛል። ስልኩን ያወጣና ሁለት ወይም አራት መስመር ግጥም ያሳየኛል። ከዚያ የለመድኳትን ጥያቄ ያመጣል። «ቲቸር፣ ይሄ ምን ለማለት ፈልጎ ነው?»

ጥያቄዋን እወዳታለሁ። ሰው ግጥም አንብቦ ዝም ብሎ አለማለፉ ደስ ይለኛል። ግን የሚያሳስበኝ ነገርም አለባት። ጠያቂው ገጣሚው ሌላ ነገር አስቦ ይህን እንደጻፈ አድርጎ ያምናል። የተጻፈውን ገልጦ ሊጥለው ይቸኩላል። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ ብሎ ስለሚያስብ የፊት ለፊቱን አያየውም። እኔ የምመክራችሁ እዚያው የፊት ለፊቱ ላይ እንድትቆዩ ነው። የአጭር ግጥም ጥልቀት ያለው በተባለው ነገር ውስጥ ነው። የተባለውን አጥርቶ ያላየ ሰው ያልተባለውን ሊያገኝ አይችልም።

በምሳሌ ላስረዳ። ሁላችሁም የምታውቁትን ልውሰድ።

እሹሩሩ፣ እሹሩሩ፣
የማሙሽ እናት ቶሎ ነይለት፣
ዳቦውን በአህያ ጭነሽ፣
ወተቱን በጡትሽ ይዘሽ።

እኛ ቤት እንዲህ ነበር የሚባለው። እናንተ ቤት አንዳንድ ቃል ሊለይ ይችላል። ምን ማለት ነው ብትባሉ «የልጅ ማባበያ ነው» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ማባበያ ነው።

አንድ ዓመት ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ተማሪዎቹ ሳቁ። ለአቅመ ፈተና ደርሰን እሹሩሩ እንማር ወይ ነው ነገሩ። ዝም ብዬ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። የሚናገረው ማን ነው?

«እናት ናት» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። እንደገና አንብቡት አልኳቸው። «የማሙሽ እናት ቶሎ ነይለት» ይላል። እናት ራሷን ነይ ብላ አትጠራም። እናት የለችም ማለት ነው። ሕፃኑ ሌላ ሰው ጀርባ ላይ ነው ያለው። ይሄኔ ሳቁ ቆመ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ግጥም ውስጥ እናት እንደሌለች ያን ቀን ነው ያስተዋሉት።

ታዲያ ማን ናት? አያት ልትሆን ትችላለች። ሞግዚት ወይም ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን እኛ አገር ሕፃን የሚያዝለው ብዙ ጊዜ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታላቅ እህት ናት። ራሷም ልጅ የሆነች፣ ጀርባዋ ገና ያልጠና። እኔም ታናናሾቼን አዝዬ ነው ያደግሁት። እናት የት ሄደች? ግጥሙ አይናገርም። ገበያ ይሁን፣ ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ለቀማ፣ ወንዝ፣ አናውቅም። አዛይዋም የምታውቅ አይመስልም። የምታውቀው መዘግየቷን ነው። «ቶሎ» የሚባለው ለዘገየ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ይህ ነበር። የምትናገረው ለማን ነው? ቃሉ ለእናትየዋ ነው፤ እሷ ግን ሩቅ ናትና አትሰማም። የሚሰማው ሕፃኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ቃል አያውቅም። ቃሉን የምትሰማውም የምትረዳውም አንዲት ሰው ብቻ ናት፣ ራሷ አዛይዋ። እንግዲህ ማንን ነው የምታባብለው? ሕፃኑን ነው፤ ራሷንም ነው።

እዚህ ላይ ስንደርስ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዳቦው ለማን ነው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እስቲ አስቡት። እሹሩሩ የሚባልለት ልጅ ጡት የሚጠባ ነው። ለእሱ ወተቱ ተነግሮለታል፤ በጡት ይመጣል። ዳቦው ታዲያ ለማን? ያውም በአህያ የሚጫን ዳቦ! ለአንድ ሕፃን አህያ ሙሉ ዳቦ ምን ያደርግለታል? ልጅቷ ራሷ መለሰች። «ያዘለችው ልጅ ርቧታል» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ርቧታል፤ «ራበኝ» ግን አትልም። «ነይለት» ትላለች እንጂ «ነይልኝ» አትልም። ለራሷ የምትለምነውን በወንድሟ ስም ትለምናለች። ዳቦውንም ስታስበው አንድ ሙልሙል ብላ አይደለም። በአህያ ጭነሽ ነው የምትለው። በጣም የራበው ልጅ ምግብ ሲያስብ እንዲህ ነው፤ ጭነት ሙሉ ያስባል። አራት መስመር ነው። ከባድ ቃል የለውም፣ ለሁለት ትርጉም የሚሰነጠቅ ቃል የለውም፣ የተደበቀ ታሪክ የለውም። ያም ሆኖ ውስጡ መራብ አለ፣ ጨዋነት አለ፣ ተስፋ አለ፣ ልጅ ልጅ እያዘለ የሚያድግበት ቤት አለ።

ይህ ንባብ ብቸኛው ነው አልልም። ማሙሽ ጥርስ አብቅሎ ዳቦ መቆርጠም የጀመረ ሊሆን ይችላል። አህያውም ሕፃን የሚያስቅ ማጋነኛ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ቃሉ ይፈቅድላቸዋልና። ያን ቀን ግን ሌላ ተማሪ ተነስቶ «አህያው ሸክም የበዛበት ገበሬ ነው» አለ። የትኛው ቃል እንዲህ አሰኘህ አልኩት። ፈለገና አጣ። ገበሬው ከራሱ ሐሳብ የመጣ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የራሱን ግጥም ቢጽፍበት ደስ ይለኛል። ይኼኛው ግጥም ግን እሱን አላለም። ልጆቼ፣ «የትኛው ቃል?» የምትለዋን ጥያቄ ከእጃችሁ አታውጧት። ጥልቅ ያገኛችሁ በመሰላችሁ ቁጥር ራሳችሁን ጠይቁባት።

እኛ ጎንደር ያለን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ችግር አለብን። ችግሩ የመጣው ከሀብታችን ነው። ያደግነው በቅኔ መሀል ነው። ቅኔ ቤት ያልገባው እንኳ «ሰምና ወርቅ» ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ አጭር ግጥም ባየን ቁጥር ወርቁ የት አለ ብለን እንቆፍራለን። ወርቅ ካላገኘን ግጥሙ ተራ ነው እንላለን።

እስቲ ወደ አንጥረኛው እንሂድ፤ አነጋገሩ የመጣው ከእሱ ነውና። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። በባዶው ቦታ ቀልጦ የተዘጋጀው ወርቅ ይገባል። እንግዲህ ወርቁ የሚይዘው የሰሙን ቅርጽ ነው። ሰሙ ላይ ጣት ያረፈችበት ጉድለት ወርቁም ላይ ይወጣል። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ሰሙ ራሱን ችሎ ነገር ካልሆነ፣ ወርቁ ምንም ቢያብረቀርቅ መምህሩ አይቀበለውም። ተማሪው የሚጀምረው ጉባኤ ቃና በሚባለው አጭር ቅኔ ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር ብቻ። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው። ሁለት ቤት ለማሟላት ስንት ሌሊት እንደሚታሰብ የቅኔ ተማሪ የነበረ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት።

ደግሞም ቅኔ ሁሉ አንድ ቃል ለሁለት በመሰንጠቅ የሚገኝ አይደለም። ሊቃውንቱ ውስጠ ወይራ የሚሉት አለ። እዚያ ቃሉ እንደ ቃሉ ነው፤ የሚሰነጠቅ የለም። ንግግሩ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ሌላ ነገር ይዟል። ብዙው የሕዝብ ግጥማችን ለእኔ ከዚህ ወገን ነው።

እንቆቅልሽ የምትጫወቱበት ዘመን ትዝ ይላችሁ ይሆናል። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» መልሱ ከታወቀ ነገሩ ያልቃል። ካልታወቀ አገር ሰጥቶ መልሱን መስማት ነው። ግጥም ግን መልስ ሲገኝለት አያልቅም። ዳቦው ለእህትየው ነው ካልን በኋላ እሹሩሩ ያው ይዘፈናል፤ እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ ይነካል።

አሁን ወደ ሌላ ሁለት መስመር ልውሰዳችሁ። ይቺ ደግሞ የትልቅ ሰው ሞት ናት።

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

በአፍ የመጣች ስለሆነች አንዳንድ ሰው ጋ ቃሏ ትንሽ ይለያል። አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ላለመስጠት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲገድሉ የተባለች ናት። ይህን ታሪክ ታውቃላችሁ። ታሪኩን ማወቃችሁ ግን ግጥሟን ለማየት ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ገና «መቅደላ» ሲባል «ስለ ቴዎድሮስ ጀግንነት ነው» ብላችሁ ትዘጓታላችሁ።

ቆዩ። መጀመሪያ የሌለውን እዩ። የንጉሡ ስም የለም። «ንጉሥ» የሚል ቃልም የለም። እንግሊዝ የሉም። ሽጉጥ የለም። ጀግና የሚል ቃል የለም። ያለው አፋፍ ነው፣ ጩኸት ነው፣ አንድ ሰው ነው። ተናጋሪው አፋፉ ላይ ያለ አይመስልም። ከታች ወይም ከሩቅ ሆኖ የሚሰማ ነው። አላየም፤ ሰማ። «የሴቱን አናውቅም» የሚለውም ለዚህ ነው። ስለማያውቀው ነገር አላውቅም ይላል። ስለዚህ የሚያውቀውን ሲናገር ታምኑታላችሁ።

የሚያውቀው ምንድን ነው? «ወንድ አንድ ሰው ሞተ።» ይህ ግን እንደ ቁጥር ካያችሁት እውነት አይደለም። ከሦስት ቀን በፊት እሮጌ ሜዳ ላይ የንጉሡን የጦር አዛዥ ገብርዬን ጨምሮ ብዙ መቶ ሰው አልቋል። በዚያ ሰሞን የሞተው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ይህን ግጥሙን ያለው ሰው ከእኛ ይልቅ ያውቃል። እንግዲህ አንድ ብሎ ሲቆጥር ሬሳ እየቆጠረ አይደለም። እየፈረደ ነው። ሙገሳው ለአንዱ ነው፤ ለቀሩት ደግሞ ዝም ብሎ ያለፈበት መራራ ነገር አለ። የከዱ ነበሩ፣ የሸሹ ነበሩ፣ እጅ የሰጡ ነበሩ። አንዳቸውንም አልሰደበም። «አንድ» አለና ተወው።

እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት። በዓይን ብቻ የሚነበብ የአማርኛ ግጥም ግማሹ ይቀራል። ይህ የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ነው፤ ስድስት ቀለም (የድምፅ ምት) በስድስት ቀለም፣ አብዛኛው የሕዝብ ግጥማችን የሚሄድበት መንገድ። የመጀመሪያው ስንኝ ይሮጣል። «ጩኸት በረከተ» ሲባል ጩኸቱ ራሱ የሚባዛ ይመስላል። ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ግን መሮጥ አትችሉም። ወንድ። አንድ። ሰው። ሦስቱም አጫጭር ቃላት ናቸው። እያንዳንዱ ለየብቻው ይወድቃል። ምላሳችሁ ሳትወድ ቀስ ትላለች። ይህን በማብራሪያ አታገኙትም፤ አፋችሁ ውስጥ ነው የምታገኙት።

ሴት ተማሪዎቼ ይህችን ግጥም አይወዷትም ነበር። ጀግንነት ለምን «ወንድ» ይባላል ይሉኛል። እውነት አላቸው። እኔም ሴት ነኝ፣ ይሰማኛል። ግን ግጥሟን አልጥላትም። «የሴቱን አናውቅም» የምትለዋ ሐረግ ላይ እንድንቆይ ነው የምጠይቃቸው። መቅደላ ላይ እቴጌ ጥሩወርቅ ነበሩ። ከባላቸው ሞት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ ከሕፃን ልጃቸው ከዓለማየሁ ጋር አብረው ተወሰዱ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ ያለ እናት ባሕር ተሻገረ። እዚያው በወጣትነቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። «የሴቱን አናውቅም።» ይህን ስታውቁ ሐረጓ ሌላ ክብደት ታመጣለች።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እቴጌይቱን ግጥሟ አላመጣችልንም። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ግጥሟ የምትለውና እኔ ይዤላት የምመጣው ሁለት ነገር ናቸው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ መለየት ግን አለባቸው። ጥሩ አንባቢ ይዞ የመጣውን ያውቃል።

ጎንደር ሆኖ ይህችን ግጥም ማንበብ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። እኝህ ሰው ቋራ ተወልደው የእኛው ናቸው። ሐውልታቸው ፒያሳ ላይ ቆሟል። በ1859 ዓ.ም. ከተማችንን ያዘረፉትና አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠሉትም እሳቸው ናቸው። አያቶቻችን ሁለቱንም ያውቁ ነበር፤ ቃጠሎውንም ሞቱንም። ግጥሟ ደግ ንጉሥ ሞተ አላለችም። ፍትሐዊ ሰው ሞተ አላለችም። ያንን ብትል እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው አፉን ሞልቶ አይላትም ነበር። «ወንድ» አለች። ይህን ቤቱ የተቃጠለበትም ሰው ሊለው ይችላል። ሁለት መስመር ብቻ ሆና እስከ ዛሬ የቆየችው በዚህ ይመስለኛል። ልትቆምበት ከምትችለው በላይ አልተናገረችም።

ማን፣ ለማን፣ የት ሆኖ የሚሉትን ጥያቄዎች የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አዝማሪ ቤት ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ሁለት መስመር ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያወርደዋል። ያው ሁለት መስመር አንዱ ጠረጴዛ ላይ ፍቅር ይሆናል። ሌላው ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሰው ብድር ያልመለሰለት ጓደኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሆነ፣ ወቀሳ ይሆናል። ቃሉ አልተለወጠም። ለቅሶ ቤትም ሙሾ አውራጇን ስሟት። ስለ ሟቹ ደግነት ረጅም ንግግር አታደርግም። ጋቢውን ታነሳለች፣ የሚቀመጥበትን መደብ ታነሳለች። ሰዉ ያኔ ነው የሚያለቅሰው። ያ የሚሆነው ግን ጋቢውን ማን ይለብሰው እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እንግዳ ሰው ቢሰማው ስለ ጋቢ የተባለ ነገር ነው።

ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ግጥም ሲመጣ ትርጉሙን ወዲያው አትፈልጉ። ማብራሪያውን መጀመሪያ ካነበባችሁ ግጥሙን በራሳችሁ ዓይን ማየት በጣም ይከብዳችኋል፤ ሌላ ሰው ያየውን ብቻ ነው የምታዩት። አጭር ስለሆነ በቃላችሁ ያዙት። መንገድ ስትሄዱ፣ ታክሲ ስትጠብቁ፣ ልብስ ስታጥቡ በሉት። አንድ ሳምንት አፋችሁ ውስጥ ይቆይ። የማይመቻችሁ ቃል ካለ እሱ ላይ ቁሙ። እሹሩሩ ላይ የማይመቸው ቃል ዳቦው ነበር። ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ ለሕፃን የማይሆን ነገር እንደሆነ ግን የጠየቀችው አንዲት ልጅ ናት። አጭር ግጥም ውስጥ ትርፍ ቃል የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ያልገጠመ የመሰላችሁ ቃል ብዙ ጊዜ በሩ እሱ ነው።

ፈተናውም አያስፈራችሁ። «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» ሲባል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ነጥባችሁን ውሰዱ። መልእክት መጻፍ ስትጨርሱ ግን ግጥሙን የጨረሳችሁት እንዳይመስላችሁ። «ልጅን መንከባከብ ጥሩ ነው» ብሎ የእሹሩሩን መልእክት መጻፍ ይቻላል። የራባት ልጅ ግን እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለችም።

ይህ ነገር ከግጥምም ያልፋል። የእኛ ሰው ከባድ ነገር ሲናገር ያሳጥራል። ባለፉት ዓመታት ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል። እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ «ይመስገን፣ ደህና ነን» ይሏችኋል። ወንድማችሁ ከሄደበት ተመልሶ ሁለት ቃል ብቻ ይናገር ይሆናል። የእሹሩሩን ዳቦ ያስተዋለ ልጅ ይህንንም ያስተውላል ብዬ አምናለሁ። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ተማሪዬ ጥያቄዋን ከየት እንዳመጣችው ያን ቀን አልጠየቅኳትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ጠዋት ሳትበላ እንደምትመጣ አወቅሁ። እኛ ግጥሙን ስንሰማ እሷ የሰማችው ሌላ ነበር። በተራበ ሆድ ሰምታዋለችና ከሁላችን ቀድማ ደረሰችበት።

የምለምናችሁ አንድ ሥራ አለ። አያቶቻችሁ ገና በሕይወት ካሉ፣ አዘዞም ይሁን ደምቢያ፣ ወገራም ይሁን ጭልጋ፣ በዓል ስትሄዱ ተቀመጡና ስሟቸው። ሲፈጩ፣ ሲያርሱ፣ ልጅ ሲያባብሉ፣ ሲያለቅሱ የሚሏቸውን ሁለት ሁለት መስመሮች ጻፉ ወይም በስልካችሁ ቅዱ። ቃሉ ከምታውቁት ቢለይ አታርሙት፤ እሳቸው እንዳሉት ይሁን። ከግጥሙ ሥር ደግሞ ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለው፣ ያኔ ምን እየሠራ እንደነበር ጻፉ። ዕድሜና ቀበሌም ቢኖር ጥሩ ነው። ግጥሙን ብቻ ጽፋችሁ ብታመጡልኝ ግማሹን መልሼ አስቆፍራችኋለሁ።